ዳጉ ሳንለዋወጥ ወደ ባህር?

ጉዞ ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሮጠው ወደ መድረሻው ነው። አንድ ጎረቤታችን ልጆቹን ይዞ ሊወጣ ሲሰናዳ «የት ልትሄዱ ነው?» እንለዋለን እንጂ «በየት በኩል ልታልፉ ነው?» ብለን አንጠይቀውም። ለአጭር መንገድ ይህ ችግር የለውም። ለረጅም መንገድ፣ በተለይም በረሃ አቋርጦ ወደ ባህር ለሚወስድ መንገድ ግን ጥያቄያችን ጎደሎ ነው እላለሁ። በዚህ ጽሑፍ ላነሳ የፈለግሁት አንድ ሐሳብ ነው። ቤተሰብ ይዘን ወደ ባህር ስንወርድ የምናቋርጠውን የአፋር በረሃ እንደ ባዶ ኮሪደር ቆጥረነዋል፤ ይህ አመለካከት ደግሞ ራሳችንንም፣ ልጆቻችንንም፣ የበረሃውንም ሰው ይጎዳል። እኛ የቱሪዝም ተማሪዎች ይህን ለማረም ከሌላው ሰው ቀድመን መነሳት ይገባናል።

ነገሩን ከቅርብ እንጀምረው። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ የምንኖር ወይም በዚያ የምንመላለስ ሰዎች ሳናስተውለው የባህሩ መንገድ አፍ ላይ ነን። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር የመንገደኛ ጣቢያ የሚገኘው እዚሁ አጠገባችን ለቡ ነው። መስመሩ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በታኅሣሥ ወር 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራውን ጀመረ፤ ርዝመቱም 750 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ደግሞ በቃሊቲ አድርጎ ቱሉ ዲምቱ ሲደርስ የአዳማ ፈጣን መንገድ ይቀበለዋል። ከዚያ አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ገዋኔ፣ ሚሌ፣ ሎግያ፣ ሰመራ እያለ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ይገባል። ሁሉ ተደምሮ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከእኛ ሰፈር ተነስቶ በዚሁ አቅጣጫ የሚሄድ ሦስተኛ መንገደኛም አለ፤ እሱም ትንሹ አቃቂ ወንዝ ነው። ስለ እሱ በኋላ እመለስበታለሁ።

በረሃ አቋርጦ ባህር መውረድ ለአገራችን ቤተሰብ አዲስ ነገር አይደለም። ወላጆቻችንና አያቶቻችን ምጽዋና አሰብ ወርደው ባህር ያዩበትን ዘመን ያወሩልናል። የአሰቡ መንገድ ከሚሌ ቀጥሎ በቡሬ በኩል በረሃውን ሰንጥቆ ያልፍ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ሆነች፤ በ1990 ዓ.ም. የተነሳው ጦርነት ደግሞ መንገዱን ጨርሶ ዘጋው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ቡሬና ዛላምበሳ ላይ ድንበሩ ሲከፈት ብዙ ሰው «አሰብ እንደገና ልንዋኝ ነው» ብሎ ነበር፤ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ተዘጋ። ስለዚህ ዛሬ ጨዋማ ውሃ ውስጥ እግሩን መንከር የፈለገ የአዲስ አበባ ቤተሰብ በአብዛኛው የሚያስበው ጅቡቲን ነው። አቅሙም ጊዜውም ያልፈቀደለት ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ወርዶ ሐይቁን «ባህር» ብሎ ይመለሳል፤ በአማርኛችን ሐይቅም ባህር ስለሚባል ማንም ዋሸህ አይለውም።

ባህሩ ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው፤ ይህን አልክድም። በተራራ ያደገ ልጅ የታጁራን ባሕረ ሰላጤ ሲያይ የሚሰማው ነገር በመጽሐፍ አይገኝም። ከታጁራ ከተማ ወዲያ ያለው ሳብል ብላን የሚባለው ነጭ አሸዋማ ዳርቻ፣ በእኛ በጋ ወራት ወደ ባሕረ ሰላጤው የሚመጡት ነብርማ ነጠብጣብ ያላቸው ግዙፍ ሻርኮች፣ ከባህር ጠለል 155 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ የተቀመጠው የአሳል ጨው ሐይቅ፤ እነዚህ ሁሉ ለቤተሰብ ጉዞ የተመቹ መስህቦች ናቸው። ቅሬታዬ ሌላ ነው። መርሃ ግብር ሲወጣ አንደኛው ቀን «ጉዞ ወደ ጅቡቲ» ተብሎ በአንድ መስመር ይታለፋል፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ግን ዋናው፣ ምሳው፣ ጀልባው ሁሉ በሰዓት ተከፋፍሎ ይዘረዘራል። በዚያች አንዲት መስመር ውስጥ ስንት አገር እንደታጨቀ ልብ ያለው ማን ነው?

የተለመደውን አካሄድ እናውቀዋለን። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ይነሳሉ፤ ልጆቹ ከኋላ ብርድ ልብስ ለብሰው ይተኛሉ። ፀሐይ ስትበረታ የመኪናው መስኮት ይዘጋል፣ ጨርቅ ይጋረድበታል፣ ስልክ ይከፈታል። በየግማሽ ሰዓቱ «ደረስን?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። አባት ከከባድ መኪናው ኋላ ለመውጣት ይታገላል፤ እናት ውሃና ብርቱካን ታቀብላለች። በመጨረሻም «በረሃው አለቀ፣ ተመስገን!» ይባላል። ልጁ ትምህርት ቤት ተመልሶ ስለ ጉዞው ጻፍ ቢባል ስለ ባህሩ ሁለት ገጽ ይጽፋል፤ ስለ በረሃው ግን «በጣም ይሞቃል» ከማለት በቀር አንድ ዐረፍተ ነገር አይኖረውም።

እስኪ መጋረጃውን ገለጥ አድርገን እንየው። መተሐራ ሲደርሱ ከመንገዱ ዳር የተኛው የበሰቃ ሐይቅ አለ። ይህ ጨዋማ ሐይቅ ከ60 ዓመት በፊት ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሆኗል። የግጦሽ መሬት ውጧል፣ መንገዱንና የባቡሩን ሐዲድ አስጨንቋል። «ሐይቅ ሲደርቅ እንጂ ሲያድግ ሰምተን አናውቅም» ለሚል ልጅ ይኼ ብቻውን የአንድ ሳምንት ትምህርት ነው። አለፍ ሲሉ የፈንታሌ ተራራ ይነሳል፤ እሳተ ገሞራ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለወራት በተደጋጋሚ የተሰማው የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻው እዚህ አካባቢ ነበር። አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለን ሰዎች ሌሊት አልጋችን ሲወዛወዝ ደንግጠን ደረጃ ወርደናል፤ ፈንታሌና ዱለቻ ያለው አርብቶ አደርና ገበሬ ግን ቤቱ ፈርሶበት፣ መሬቱ ተሰንጥቆበት፣ ቀዬውን ለቆ በጊዜያዊ መጠለያ ከርሟል። አንዱን ንዝረት ተካፍለናል፤ ጉዳቱን ግን አልተካፈልንም።

ከዚያ የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይመጣል፤ ሳላው በሣሩ መሐል ቆሞ ይታያል፤ ፏፏቴውም ከዋናው መንገድ ብዙ አይርቅም። አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ የቀኙ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ፣ የግራው ወደ ሚሌ። ወደ ግራ ሲታጠፉ ወረር አለ፤ የጥጥ አገር ነው፣ የግብርና ምርምር ማዕከልም አለው። ከገዋኔ አልፎ መንገዱ ያንጉዲ ራሳ ብሔራዊ ፓርክን ይሰነጥቃል፤ ይህ ፓርክ የተከለለው በዋነኛነት ለአፍሪካ የዱር አህያ ነው። የቤት አህያችን ዘር የተገኘበት ይህ እንስሳ ዛሬ ከምድር ሊጠፋ የተቃረበ ነው። አህያ በየቀኑ የሚያይ፣ በአህያ የተጫነ እህል የሚበላ አገር ልጅ የአህያን አባት አገር በእንቅልፍ ሲያልፍ አያሳዝንም?

ሚሌ ስንደርስ ከመንገዱ በስተግራ፣ በአዋሽ ሸለቆ ውስጥ ሐዳር አለ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ድንቅነሽ የተገኘችው እዚያ ነው። ዕድሜዋ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው። የታችኛው አዋሽ ሸለቆ በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። ድንቅነሽን አራት ኪሎና አምስት ኪሎ መሐል በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም እንኮራባታለን፤ በአገሯ ደጃፍ ስናልፍ ግን «ይኸውልህ ልጄ፣ የሁላችንም አያት ከዚህ ማዶ ነበረች» የሚል ወላጅ ስንት ነው? እኛ ተማሪዎቹስ ፈተና ላይ ጽፈን ነጥብ ያገኘንበትን ቦታ በመስኮት ብናየው እናውቀዋለን?

አንዳንዱ «በድሮ ጊዜ የሰው ጉዞ ቀርፋፋ ስለነበረ ነው የሚያስተውለው፤ አሁን ዘመኑ የፍጥነት ነው» ይላል። ድሮውን እንየው እንግዲህ። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የምድር ባቡር በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ሌሊት አይሄድም ነበር። ከጅቡቲ የተነሳ መንገደኛ አንዱን ሌሊት ድሬዳዋ፣ ሁለተኛውን አዋሽ አድሮ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ይገባ ነበር። አዋሽ ጣቢያ ያለው ጥንታዊ ሆቴል የዚያ ማደር ትዝታ ነው። ያ መንገደኛ ቢወድም ባይወድም የበረሃውን ማታና ንጋት አይቷል፣ ከበረሃው ሰው ጋር ውሃ ተካፍሏል። ድሬዳዋ የሚያህል ከተማ የተወለደው ባቡሩ በረሃ ላይ ቆሞ ስላደረ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። መንገድ ዳሩን የሚጠቅመው መንገደኛ ሲቆም ነው። ሳይቆም የሚያልፍ መንገደኛ ለዳሩ ሰው የሚተወው አቧራና የፕላስቲክ ጠርሙስ ነው።

ሌላም ምሳሌ ልጨምር። ዊልፍሬድ ቴሲጀር የተባለው እንግሊዛዊ አሳሽ የተወለደው እዚሁ አዲስ አበባ ነው፤ ዘመኑ 1902 ዓ.ም. ነበር። በ1926 ዓ.ም. ከአዋሽ ጣቢያ ግመል ጭኖ ወንዙን ተከትሎ ወረደ። የአዋሽ ወንዝ ባህር ሳይገባ የት እንደሚጠፋ ማወቅ ፈልጎ ነበር። በአውሳ ሱልጣን መሐመድ ያዮ ፈቃድ አገራቸውን አልፎ አቤ ሐይቅ ድረስ ሄደ፤ በመጨረሻም ታጁራ ላይ ከባህሩ ደረሰ። ወራት የፈጀ ጉዞ ነው። ብዙ መጽሐፍ ይህን «የአዋሽን መጨረሻ አገኘ» ብሎ ይጽፈዋል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። አፋሮች ወንዛቸው የት እንደሚያልቅ ያውቁ ነበር፤ የማያውቀው ሌላው ሰው ነበር። ቢሆንም ከሰውዬው አንድ ነገር እንማራለን። ከአዲስ አበባ ልጆች አንዱ ከባህሩ በፊት መንገዱን ጠየቀ፤ የጠየቀውም ባለቤቶቹን አስፈቅዶ ነው።

ይህ ወደ ርዕሴ ያመጣኛል። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ትልቅ ባህል አላቸው። ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ተነሳስተው ዝም ብለው አይተላለፉም። ይቆማሉ፤ ጥላ ካለ ይቀመጣሉ። ከየት እንደመጣ፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ሣሩና ውሃው እንዴት እንደሆነ፣ ከብት በሽታ መኖር አለመኖሩን፣ የት ሰላም የት ጠብ እንዳለ አንዱ ለአንዱ በዝርዝር ይነግራል። ሰሚውም ይጠይቃል፣ ያጣራል፤ የሰማውን ሳያዛባ ለሚቀጥለው ሰው የማድረስ ግዴታም አለበት። በረሃ ውስጥ ወሬ ሕይወት ነው፤ የተሳሳተ ወሬ የሰማ ሰው መንጋውን ወደ ደረቀ ጉድጓድ ይነዳል። ታዲያ እንዲህ ያለ ሕዝብ አገር ውስጥ መስኮት ዘግተን በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ስናልፍ ምን ዓይነት እንግዶች ነን? በእኛስ አገር ቢሆን በሰው ግቢ ውስጥ ሰላም ሳይል የሚያቋርጥ ሰው ምን ይባላል?

ዳጉ ብንለዋወጥ ምን እንሰማለን? እንደ እኔ ግምት ከሁሉ በፊት የምንሰማው ስለ ውሃ ነው። አሁን ወደ ትንሹ አቃቂ ልመለስ። ይህ ወንዝ ከከተማችን ምዕራብ ተነስቶ በመካኒሳና በለፍቶ በኩል እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛል። አባ ሳሙኤል የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት ቦታ ነው፤ ዛሬ እምቦጭ ለብሶ ይታያል። ከዚያ ወጥቶ አዋሽን ይቀላቀላል፤ በ1952 ዓ.ም. የተጠናቀቀው የቆቃ ግድብ ውስጥም ይገባል። አዳማ የሚጠጣው ከዚህ ወንዝ ነው። ወንጂና መተሐራ ሸንኮራ የሚያለሙት በዚሁ ነው። ቀጥሎ ወረር፣ ገዋኔ፣ ዱብቲ፣ አሳይታ፤ በመጨረሻም አቤ ሐይቅ። ከምንጩ እስከ መጨረሻው 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኛ በመኪና የምንሄድበትን አቅጣጫ ወንዙም ይሄድበታል። ልዩነቱ እኛ ባህሩ እንደርሳለን፣ እሱ ሳይደርስ ይቀራል። የሚጭነው ነገር ሁሉ በረሃው ላይ ይራገፋል ማለት ነው።

ምን ይጭናል? ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ መግባት አያስፈልግም፤ ለፍቶ አካባቢ ድልድይ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት ይበቃል። ከፋብሪካ የሚለቀቅ ቀለም፣ ከመጸዳጃ ቤት የተገናኘ ቱቦ፣ ፌስታል፣ የእንስሳት ተረፈ ምርት። በዚያው ውሃ ዳርና ዳሩን ጎመንና ቆስጣ ይለማል፤ ወደ ገበያችንም ይመጣል። በአቃቂ ወንዞች ላይ የተሠሩ በርካታ ጥናቶች በውሃውም፣ በአፈሩም፣ በአትክልቱም ላይ እንደ ክሮሚየምና እርሳስ ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል። ቃሊቲ ያለው የፍሳሽ ማጣሪያ ተስፋፍቷል፤ የወንዝ ዳር ልማትም በከተማው እየተሠራ ነው፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ወንዝ የጸዳው ዳሩ ሣርና መናፈሻ ሲሆን አይደለም። የእኛ ወንዝ መጽዳቱ የሚለካው አሳይታ ያለች እናት ለልጇ በምትቀዳው ውሃ ነው። ክረምት ሲበረታ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ሞልቶ በአፋር ብዙ ሺህ ሰዎችን አፈናቅሏል። በጋ ቆሻሻችንን፣ ክረምት ጎርፋችንን እንልካለን፤ ለዕረፍት ስንሄድ ግን ጉዳዩ እንደማይመለከተን ሆነን በአጠገባቸው እናልፋለን።

ይባስ ብሎ ባህሩ ዳር የምናገኘው ምቾት ራሱ ከበረሃ የተቀዳ ነው። ጅቡቲ የራሷ ወንዝ የላትም። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በሶማሌ ክልል ሀዳጋላ ከሚባል ቦታ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ውሃ በቱቦ ወደ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ሲታቀድ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲደርስ ተብሎ ነው። ልጆቻችን ከጨዋማው ባህር ወጥተው ገላቸውን የሚለቀለቁበት ጣፋጭ ውሃ ከዚህ ቱቦ የመጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨውም ብዙው ከአፋር፣ ከአፍዴራ ይመጣል። ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የገቢና የወጪ ንግዳችንም በዚሁ የበረሃ መስመር ያልፋል። ቤታችን ውስጥ ያለው ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን ያለፈበትን መንገድ ባዶ ማለት የሚገባ አይመስለኝም።

እንግዲህ የሚቃወሙኝ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ክርክራቸውም ቀላል አይደለም። አንደኛው «ዕረፍት ነው የወጣነው፣ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ልጆቹን ለምን እናደክማለን?» የሚል ነው። እውነት ነው፣ ዓመቱን ሙሉ የሠራ ሰው ማረፍ አለበት። ነገር ግን 900 ኪሎ ሜትር በአንድ ትንፋሽ መንዳት የትኛው ዕረፍት ነው? አዋሽ ወይም ሰመራ ማደር ጉዞውን ያቀለዋል እንጂ አያከብደውም። በዚያ መስመር ከባድ መኪና ይበዛል፤ ሾፌሮቹም ሰዎች ናቸው፣ ይደክማሉ፤ ግመልና ፍየል መንገድ ያቋርጣል። ሌሊትና በጥድፊያ የሚያልፍ ቤተሰብ ራሱንም የአርብቶ አደሩንም ሀብት ለአደጋ ያጋልጣል።

ሁለተኛው ክርክር የገንዘብ ነው። «አንድ ቀን ማደር ስንት ብር ነው? ለባህሩም ተበድረን ነው የምንሄደው» የሚል ሰው አለ። ይህን ሰው አልወቅሰውም። እኔ የምለው በጀቱ ይጨመር አይደለም፤ ይከፋፈል ነው። ባህሩ ዳር አራት ሌሊት ያሰበ ሦስት ያድርገውና አንዱን ለበረሃው ይስጥ። በረሃው ላይ የምትከፈል ብር ደግሞ ለአገር ልጅ የምትከፈል ናት፤ ለሻይ ቤቷ ባለቤት፣ ለግመል ወተት ሻጯ፣ ለመንገድ መሪው ወጣት።

ሦስተኛው «ሙቀቱና ጸጥታውስ?» የሚል ነው። ይህኛው ተገቢ ጥያቄ ነው። ከግንቦት እስከ ነሐሴ ሕፃናትን ይዞ ወደዚያ መውረድ ጥሩ አይደለም፤ ለበረሃውም ለባህሩም የሚስማማው ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። በመስመሩ ላይ አንዳንዴ በጎሳዎች መካከል ግጭት ይነሳል፤ መሬቱም ሲንቀጠቀጥ አይተናል። ስለዚህ ከመነሳት በፊት መጠየቅ፣ በየከተማው ደርሶም መጠየቅ ያስፈልጋል። ልብ በሉ፤ ይህ መጠየቅ ራሱ ዳጉ ነው። ለደኅንነቱ ሲል እንኳ መንገደኛው ቆሞ ከአገሬው ጋር መነጋገር አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ለቤተሰብም ለትምህርት ክፍላችንም የሚሆኑ አራት ሐሳቦች አሉኝ።

አንደኛ፣ መንገዱ በቀን ይሁን። ቢያንስ ሦስት ቦታ ይቆም፤ አዋሽ ሸለቆው አፋፍ ላይ፣ ገዋኔ ወይም ሚሌ ለምሳ፣ ሰመራ ወይም ሎግያ ለማደር። ልጆቹ በአፋርኛ ሰላምታ ይማሩ፤ ፎቶ ከመነሳት በፊት ማስፈቀድንም ይማሩ።

ሁለተኛ፣ መኪናው ውስጥ የገባ ፕላስቲክ መኪናው ውስጥ ይቅር። በረሃ ውስጥ የተጣለ ፌስታል ፍየል ትበላዋለች፤ ፍየሏም ትሞታለች። የአንድ ቤተሰብ ቁርስ የሌላውን ቤተሰብ ሀብት ሲገድል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ እኛ ተማሪዎች ለመመረቂያም ለክፍል ሥራም የምናዘጋጃቸው የጉብኝት መርሃ ግብሮች ላይ «ትራንዚት» የሚለው ቃል ይፈተሽ። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ መንገድ በአንድ መስመር ከታለፈ መምህራኖቻችን ነጥብ ይቀንሱልን። ይኼን በማለቴ ጓደኞቼ እንደሚቆጡ አውቃለሁ፤ ይቆጡ! ለመስክ ጉዞም ሁልጊዜ ወደ ሰሜኑ ታሪካዊ መስመር ወይም ወደ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ብቻ ከምንሄድ አንድ ጊዜ የአዋሽን ወንዝ ተከትለን ብንወርድ፣ ከሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋርም ተገናኝተን ብንወያይ መልካም ይመስለኛል። ስለ አፋር ቱሪዝም ሲነሳ ኤርታ አሌ ብቻ የሚነሳበት ጊዜ ማብቃት አለበት፤ የአፋር ሰው የሚኖረው እሳተ ገሞራው አፍ ላይ አይደለም።

አራተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ጉዞም አይጠይቅም። የበረሃው መንገድ የሚጀምረው ከቤታችን ቧንቧ ነው። ያረጀ የመኪና ዘይት ቱቦ ውስጥ ስንደፋ፣ ቆሻሻ ወንዝ ዳር ስንጥል፣ በሰፈራችን ያለ ድርጅት ቀለም ሲለቅ አይተን ዝም ስንል፣ ዱብቲና አሳይታ ያለ ሰው ጽዋ ውስጥ እየጨመርን ነው። ቱሪዝም አካባቢን መጠበቅ ነው እያልን በየሴሚስተሩ እንማራለን። ከለፍቶ ድልድይ የቀረበ መለማመጃ የለንም።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን ስለ ባህር በር ብዙ ይወራል፤ በየታክሲው፣ በየሻይ ቤቱ፣ በየመገናኛ ብዙኃኑ። ያ ክርክር የራሱ ባለሙያዎች አሉትና እዚህ አልገባበትም። አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። ስለ ባህር የምናወራውን ያህል ከባህሩ ወዲህ ስላለው አገርና ሕዝብ ብናወራ ኖሮ ዛሬ አሳይታን ከታጁራ ይበልጥ እናውቃት ነበር። ባህር ያላየ ልጅ አንድ ነገር ቀርቶበታል፤ በበረሃው አልፎ በረሃውን ያላየ ልጅ ግን የገዛ አገሩ ቀርቶበታል። በመጪው በጋ ቤተሰብ ይዛችሁ የምትወርዱ ካላችሁ መልካም መንገድ ይሁንላችሁ። ስትመለሱ ግን ስለ ባህሩ ብቻ አትንገሩን፤ ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ወንዙ እንዴት እንደዋለ፣ ሰዉም ምን እንዳላችሁ ንገሩን። እኛም ቁጭ ብለን እንሰማለን።